ወላሂ ያልኩበት ጥቅምት

ችኩል ሴት ነኝ። ድሮ እኮራበት ነበር፤ ዛሬ ግን ስናገረው ፊቴ ይቀላል። ደሴ ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት የስፌት መኪና አለኝ፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም ይቆለልብኛል፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ እንኳ ጥቅምት ድረስ አያልቅም። በዚያ ወቅት ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ መቀሱን ሳላስቀምጥ በአገጬ እመልሳለሁ። ደንበኞቼ "እሷ ዘንድ ስትሄዱ ወሬያችሁን ደጅ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ" እያሉ ያሾፉብኛል። ይበሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

አባቴ ከእኔ ጋር ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሰብን መንገድ የተመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ከባለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ መነጽራቸውን ረሱ፤ ቀጥሎ የሰገዱትን ሶላት እየረሱ ሁለቴ መስገድ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ "እናትሽ የት ሄዳ ነው?" አሉኝ፤ እናቴን ከቀበርን ስንት ዓመታችን! እሳቸውም ያውቁታል። ነገር ከእጃቸው እያመለጠ መሆኑን የሚያውቁበት ሰዓት አላቸው፣ ያ ሰዓት ነው የሚያስፈራቸው።

መስከረም ውስጥ፣ ልወጣ ነጠላዬን ስለብስ፣ "ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሉኝ።

"ቆሜ እሰማለሁ አባዬ፣ ይንገሩኝ።"

በሩ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ አንድ እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ድሮ፣ ገና ጎልማሳ ሳሉ፣ ባቲ ቁልቁለት ላይ እንቅልፍ ጣላቸውና መኪናውን ከነጭነቱ ገደል ጨመሩት። የሰው ነፍስ አልጠፋም፤ እሳቸውም ረዳታቸውም ተርፈው ወጡ። ረዳታቸው ያኔ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ጎረምሳ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ደፋ ቀና የሚል። ፖሊስ መጥቶ "ማን ነበር የሚነዳው?" ሲል አባቴ ወደ ረዳታቸው ጠቆሙ። ፖሊሱ "ወላሂ በል" አላቸው። "ወላሂ" አሉ።

"ሰባት ወር ታሰረ" አሉኝ። "መንጃ ፈቃድም በዚያው ቀረበት። የተፈታ ቀን መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው። ሰላም አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።"

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ክርስቲያን እኛ እስላም፤ በፋሲካም በአረፋም አንለያይም ነበር። ለእናቴ ልቅሶ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት፣ ከሁሉ በኋላ የሄዱት ጋሼ ናቸው። አባቴን እስከ ዛሬ "ሹፌር" ይሏቸዋል፣ አባቴም "ረዳቴ" ይሏቸዋል። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

"ሳልረሳው ውሰጂኝ" አሉ አባቴ። "ሳልረሳው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልበለው። አላህ ፊት ይህን ተሸክሜ አልቆምም።"

"እሺ አባዬ፣ ቅዳሜ" አልኩና ወጣሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ የአንድ ትምህርት ቤት ሹራብ መጣ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሌታ በስህተት ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንዲቱ ሠራተኛዬ ታመመች። አባቴ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፣ እኔ በየሳምንቱ "ቅዳሜ" እላለሁ። አንድ ማታ "ከሱቅሽ ክር አምጪልኝ" አሉኝ። ቀይ ክር አመጣሁላቸው፤ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ አሰሩት። "ይህን ሳይ አስታውሰዋለሁ" አሉ። ያን ክር እያየሁ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩ። ቱ! ኮምቦልቻ እኮ ናት፣ ሌላ አገር አይደለችም፤ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ምን አላት?

በመጨረሻ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ወሰድኳቸው። እሱንም "ለምሳ እንመለሳለን" ብዬ አስጠንቅቄ ነው። ደሴ እንደ ልማዷ ጭጋግ ለብሳ ነበር፣ ጋቢ ደርቤባቸው ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ አባቴ ነቁ። ሹፌሩን "ማርሽ! ማርሽ ቀይር እንጂ፣ በፍሬን ብቻ ይወረዳል እንዴ?" እያሉ አላስቀምጥ አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ስልኬ ላይ ነበርኩ። መሬቱ ከሥራችን ተከፍቶ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ጤፉ ሊበስል ወዙ ሲታይ፣ እኔ ስለ ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያ እጽፍ ነበር።

ጋሼ ቤት ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ግቢያቸው ውስጥ ዘይቱንና ፓፓያ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ማሽላ። አባቴን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "ሹፌር!" አሉ። አባቴም "ረዳቴ!" አሉ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ጋሼ ዘይቱኑ ሥር ሰሌን አነጠፉ። አባቴ ተቀመጡ፣ ክሩ ያለበትን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ያዝ አድርገው። አስታውሰውታል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"መጀመሪያ ዱዓ እናድርግ" አሉ አባቴ።

እጃችንን ዘረጋን። የወሎ ሰው ያውቀዋል፣ ዱዓ ላይ እጅ ከተዘረጋ እስኪያልቅ አይነሱም። ልጅ እንኳ ቢያለቅስ የሚያባብለው ሌላ ሰው ነው። አባቴ አገሩን መረቁ፣ ዝናቡን አመሰገኑ፣ ለሞቱት ለመኑ። እኔ አሚን፣ ጋሼ አሜን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያረቢ፣ ዛሬ የመጣሁበትን ጉዳይ አንተ ታውቃለህ" አሉ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ።

ሹራቡን ያዘዘኝ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ ነበር። ባላነሳው ምን ይመጣል? ምንም። ዛሬም ድረስ የሚመጣብኝ እሱ ነው፤ ምንም አይመጣም ነበር። እጄን አጠፍኩ፣ ተነሳሁ፣ ከአጥሩ ወጣሁ። ስወጣ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ወንዙ ዳር ቆሜ ስለ ሹራብ እጅጌ ርዝመት እየጮህኩ ብዙ ቆየሁ።

ስመለስ ዱዓው አልቋል። አባቴ ወደ ማሽላው እያዩ ነው፣ ፊታቸው የተረጋጋ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን በስንጥር ይጭራሉ። በልቤ "ተባባሉ፣ ጨረሱ" አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ምን ተባባላችሁ ተብሎ አይጠየቅም። "እንግዲህ እንሂድ?" ልል ስል አባቴ ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

"እንዳትቀሰቅሺው" አሉ ጋሼ። "ሙቀት ናፍቆት ይሆናል። የት ልትደርሺ ነው?"

የት ልደርስ ነበር?  ስልኬን አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር ነው ይበልጥ የማፍረው፤ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ የማሽላ እሸት ቆርጠው መጡ፣ ፍም ላይ ጠበሱት፣ በመዳፋቸው እያሹ ገለባውን እፍ እያሉ ሰጡኝ። ትኩሱ፣ ወተት ያለው ፍሬ። እጄ ጥቁር እስኪሆን በላሁ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ቦርከና ውስጥ አስገባሁ። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ጠርቷል፤ ጠጠሩ ይታያል። አንዲት ላም ከማዶ ጠጥታ፣ አየት አድርጋኝ ሄደች። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም የምጠብቀው አልነበረም። የዘይቱኑ ጥላ ከአባቴ ላይ ሲሸሽ ሰሌኑን ቀስ አድርገን እንጎትታለን፣ ደግሞ ሲሸሽ ደግሞ እንጎትታለን። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። "የዘንድሮ ጥቅምት መልካም ነው" አሉ፣ "አዎ ጋሼ" አልኩ፤ ሌላ ነገር ሳንባባል ስንቱ ሰዓት ሄደ!

አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ከልቤ። አባቴ ከሸክማቸው ወረዱ፣ እኔ አደረስኳቸው፣ ይኸው ተኝተዋል። ራሴንም አመሰገንኩ፣ ጉድ በሉ! እንዲያ ያለ ሰላም ከሕፃንነቴ ወዲህ አላውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሳፍረን ወጣን፣ አባቴ ሐረጎ ዳገት ላይ ሹፌሩን "አሁን ገና ነዳህ" አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ጣታቸውን እያዩ "ኮምቦልቻ መቼ ነው የምትወስጂኝ?" አሉኝ።

"ትናንት ሄድን እኮ አባዬ።"

"ሄድን? ነገርኩት?"

"ነገሩት።"

"አፉ አለኝ?"

"ብለውዎታል አባዬ፣ አብሽር።"

ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። "አንቺ ሰምተሻል? በጆሮሽ?"

እጄ መዝጊያው ላይ ነበር፤ ሱቅ ረፍዶብኛል። "ሰምቻለሁ" አልኩ።

"ወላሂ በይ።"

 አልሰማሁም፤ ወንዝ ዳር ስለ እጅጌ እጨቃጨቅ ነበር። ግን ሆኗል ብዬ አምኜ ነበር፣ ደግሞም ሽማግሌ ነው የማረጋጋው፣ ምን ክፋት አለው?

"ወላሂ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አባቴ፣ ትከሻቸው ሁሉ ወረደ። እኔም ወደ ሱቄ በረርኩ።

በሚቀጥለው ቀንም ጠየቁኝ። በሚቀጥለውም። ክሩን ልፈታው ስል እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ለምን እንዳሰሩት ባያውቁም አስፈትተው አያውቁም። እኔ ወላሂ እያልኩ፣ እሳቸው አልሐምዱሊላህ እያሉ አንድ ሳምንት አለፈ። መጀመሪያ ቀን የከበደኝ ቃል በሦስተኛው ቀን እንደ ደህና ዋል ቀለለኝ። ምን ያህል ቶሎ እንደሚለመድ!

ሰኞ ዕለት ጋሼ ለሰኞ ገበያ ደሴ ወጥተው ነበርና በፒያሳ በኩል ሱቄ ጎራ አሉ። ለአባቴ ዘይቱን በፌስታል ይዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ እኔ ግን ስፌቴን አላቆምኩም። ትንሽ ቆዩና "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ" አሉ።

"ይጠይቁኝ ጋሼ።"

"ያን ዕለት አባትሽ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበረ ወይ?"

የመኪናዋን ፔዳል ለቀቅኩ።

"ዱዓውን ሲጨርስ ጣቱን አየ" አሉ ጋሼ። "ክሩን ያያል፣ እኔን ያየኛል። 'ይህ ክር ምንድን ነው?' አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? 'ልጅህ ትመጣለች፣ እሷ ታውቅ ይሆናል' አልኩት። ጠበቅንሽ። በር በሩን ሲያይ ቆየ። ኋላ እሱንም ረሳውና ማሽላ ማሽላውን ያይ ጀመር።"

ምን ልበል? አንዲት ቃል ነበር ከእኔ የሚፈለገው። ዱዓው እስኪያልቅ ተቀምጬ "አባዬ፣ የባቲውን ነገር" ብላቸው ይበቃ ነበር። በር በሩን እያዩ ጠብቀውኛል። እኔ ያ የተረጋጋ ፊት ይቅርታ ያገኘ ሰው ፊት መስሎኝ እሸቴን በላሁ፣ እግሬን ወንዝ ውስጥ ነከርኩ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በላዩ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ጠዋት ማልኩበት። አባቴ ሊያወርዱት የለመኑኝን ኃጢአት እኔ በእጄ ደገምኩት፤ ያውም ቁርስ ሳልበላ፣ በችኮላ።

"ጋሼ" አልኩ፣ "የባቲውን ነገር ነው።"

ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት።  "ያስታውሰው ነበር?" አሉ። "እኔ እኮ ረስቶታል እያልኩ ነበር የኖርኩት።"

ሱቁን ዘጋሁ። ከትምህርት ቤቱ የመጡ ሁለት ሴቶች በር ላይ ነበሩ፤ "ዛሬ የለም" አልኳቸው፣ በጥቅምት ወር! ባጃጅ ይዘን ቧንቧ ውሃ ደረስን። አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። "ረዳቴ!" አሉ፣ ተነሱ፣ ተሳሳሙ።

እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል አባቴ ፊት ቁጭ ያልኩት። "አባዬ፣ ይህ ክር ለምን እንደታሰረ ልንገርዎት?" አልኩ።

"ንገሪኝ እስቲ" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ነገርኳቸው፣ በተበደሉት ሰው ፊት። ቁልቁለቱን፣ እንቅልፉን፣ ፖሊሱን። ወላሂ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። አባቴ የሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኝ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ገባቸው።

"እኔ ነኝ?" አሉ። "ወላሂ ብዬ?"

"አዎ አባዬ።"

ወደ ጋሼ ዞሩ። "እውነቷን ነው?"

ጋሼ መዋሸት ይችሉ ነበር፣ ለእኔም ያማረኝ እሱ ነበር። "እውነቷን ነው ሹፌር" አሉ።

አባቴ አለቀሱ። መስከረም ላይ ወስጃቸው ቢሆን በገዛ አፋቸው ይናገሩት ነበር፣ ለብዙ ዓመት የተዘጋጁበትን ቃል። አሁን የራሳቸውን ውርደት ከልጃቸው አፍ እንደ አዲስ መርዶ ሰሙት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

"አፉ በለኝ" አሉ፣ የጋሼን ጉልበት ሊይዙ እየጎነበሱ።

ጋሼ ትከሻቸውን ይዘው አቀኗቸው። "አፉ ብያለሁ። ከእስር ወጥቼ ቤትህ የመጣሁ ዕለት ይህን ብትለኝ ያኔውኑ እልህ ነበር። ይህንኑ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።" ከዚያ ክሩን ፈቱላቸው። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደ። እኔ መቀስ ላምጣ አላልኩም፤ እስኪፈታ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሦስታችንም እዚያው ፀሐይ ላይ ዋልን፣ ዘይቱን እየበላን።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን ስለብስ አባቴ ጣታቸውን እያገላበጡ "ክሬስ?" አሉኝ።

"ጋሼ ፈቱት አባዬ። አፉ ብለውዎታል።"

"በጆሮሽ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ!" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት፣ ትከሻቸውም እንደዚያው ወረደ። ከሐሰቱ ወላሂ አንዲት ፀጉር ታህል ልዩነት አልነበረውም። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አልቻልኩም። "አባዬ፣ አፉ በሉኝ" አልኩ።

"አፉ ብያለሁ ልጄ። ምን አድርገሽ ነው?"

"ወላሂ ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ።"

አባቴ ኮስተር አሉ። ድሮ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ስዋሽ ሲይዙኝ የሚኮሳተሩትን ኩስትር። "ወላሂ ብለሽ?" አሉ። "በእኔ ቤት ወላሂ ተብሎ ይዋሻል? ከማን ተማርሽው አንቺ?"

የእውነት ነበር የጠየቁኝ። መልሱን ጠብቀው ጠብቀው፣ ዝም ስል ጊዜ ራራልኝ ፊታቸው። "በይ አፉ ብያለሁ፣ አትልመጂው ብቻ" አሉ። "ሂጂ አሁን፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።"

"አይረፍድብኝም አባዬ" አልኩና ነጠላዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።